የአስራ አንደኛ ኤ እንግዶች

አስራ አንደኛ ኤን የቀማኝ እንድሪስ ይባላል። የቀማኝም ለውጡ በመጣ በመጀመሪያው መስከረም ነው። በዚህ ዓምድ የሰው ስም አላነሳም ብዬ ነበር፤ ለእሱ ስል አፈረስኩት። አምልጦኝ እንዳይመስላችሁ... አስቤበት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከክፉ ሰው ማምለጥ ይቻላል፤ ከደግ ሰው የሚያመልጥ ግን የለም! ከክፉ ትሸሻላችሁ፣ ትከሱታላችሁ፣ በር ትዘጉበታላችሁ። ደግ ሰው ግን እጃችሁን ይይዛል፣ ይምልባችኋል፣ ያጎርሳችኋል፣ ጫማችሁን ይደብቅባችኋል። እኔ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ሐይቅ ከተማ ያረጀሁ ሰው ነኝና ይህን መሣሪያ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሰው ላይ የተኮስኩት ግን በዚያ ዓመት ነው።

እንድሪስ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የእኔ ተማሪ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያመጣውን ውጤት አልናገርም፤ እኔ የሰው ገመና አላወጣም። ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ሲናገር የሰማችሁ ግን ራሳችሁ ገምቱ።

ያን ሰሞን ሁሉ ነገር ይለወጥ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተለወጠ፤ ግድግዳ ላይ ያለው መፈክር ተለወጠ፤ በሹክሹክታ የነበረው የሻይ ቤት ወሬ ጩኸት ሆነ። እንድሪስም የሚለውጠው ነገር ሲፈልግ እኔን አገኘ።

“ቲቸር፣ ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ መምህር መጥቶልናል። አስራ አንደኛ ኤን ለእሱ ሰጥተነዋል።”

“እኔስ?”

“እርስዎ ቤተ መጻሕፍቱን ይይዛሉ። ትንሽ ያርፋሉ።”

“ደከመኝ ብዬሃለሁ?”

“ለውጥ ነው፣ ቲቸር!”

ለውጥ ነው! እነዚያን ልጆች ከዘጠነኛ ጀምሮ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ጡረታዬ ደርሷል፤ እነሱን አስራ ሁለተኛ አድርሼ፣ ለፈተና አስቀምጬ፣ ጋውኔን አጥፌ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ሌላ ዓምድ አንብቡ።

መጣ የተባለው መምህር ፓትሪክ ይባላል፤ አገሩ አየርላንድ። ጢሙ ቀይ፣ ቁመቱ የስታፉን በር በግንባሩ እየመታ የሚያስታውሰን። ከአማርኛ ቀድሞ የያዘው “አብሽር” የሚለውን ነው፤ አይዞህ ማለት ነው፣ እኛ ወሎዎች ከአፋችን አናወጣውም። እሱማ ሰላምታም አብሽር፣ ምስጋናም አብሽር! የመጀመሪያው ቀን ክፍሌን ወስዶ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? “አብሽር!”

ይህ ሰው ታዲያ ቅዳሜና እሑድን ቤቱ የማይውል ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቦርሳውን አዝሎ ይወጣል። ሰው ሁሉ ልብሱን በሚያጥብበት ቀን እሱ ተራራ ይቆጥራል። በዚያው መስከረም ለንግሥ ወደ ግሸን ከሚሄዱት ጋር ተሳፍሮ ሄደ፤ ዳገቱንም ከምእመናኑ እኩል በእግሩ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ላይ አልታየም። እግሩ ውኃ ቋጥሮ፣ አልጋው ላይ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል አሉ።

“ቲቸር፣ ለዛሬ ብቻ ይተኩልን” አለኝ እንድሪስ።

ገባሁ። ልጆቹ ብድግ ሲሉ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። አንዷ ከኋላ “እልልል!” አለች፤ ተቆጣኋት፤ ቁጣዬ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ስወጣ አንድ ነገር ገባኝ። ሰውየው ከቅዳሜ ጉዞው በሰዓቱ ካልተመለሰ ሰኞ የእኔ ነው!

ከዚያ ወዲያ አስጎብኚ ሆንኩ።

“አርዲቦን አይተሃል? ከሐይቃችን ከፍ ብሎ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው። በእግር ነው የሚያምረው” አልኩት። በእግሩ ሄደ። ይደክመዋል ብዬ ስጠብቅ ዋኝቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ እያፏጨ እሑድ ከሰዓት ተመለሰ። በሚቀጥለው “የውጫሌ ገበያ ሳይታይ!” ብዬ ላክሁት። እሱ ደግሞ የራሴ ስህተት ነበር፤ ውጫሌ አስፋልት ላይ ነው፣ መኪና ሞልቷል። አንድ ጭልፋ ገዝቶ ቅዳሜውኑ ገባ። ጭልፋውንም ለእኔ ነው የገዛልኝ። ጠላቴ ነው ብዬ የያዝኩት ሰው ስጦታ ሲያመጣልኝ ምን ልበል? ተቀበልኩት። ጥሩ ጭልፋ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሙሔ ትዝ ያለኝ።

ሙሔ የአክስቴ ልጅ ነው። ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር፣ መኪና በማይደርስበት መንደር ያርሳል። የሙሔን ደጅ የረገጠ እንግዳ በዚያው ቀን ሲመለስ ታይቶ አይታወቅም። ስልክ ደወልኩለት።

“ሙሔ፣ እንግዳ ልልክብህ ነው። ፈረንጅ ነው።”

“ይምጣ እንጂ! የሰው ልጅ አይደለም?”

“አደራህን፣ ቶሎ እንዳትለቀው።”

“ምን ማለትሽ ነው? ያንቺን እንግዳ በአንድ ቀን ለቅቄ ነው ሰው ፊት የምቆመው? ወላሂ ትሰድቢኛለሽ!”

አልሰደብኩትም። ፓትሪክ ቅዳሜ ሄዶ ማክሰኞ ተመለሰ። ሆዱ ቀድሞት በሩን ገባ ብላችሁ ይቀላል። የሆነውን የነገረችኝ የሙሔ ልጅ ሰዓዳ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ በሰበሰበቻት እንግሊዝኛ ስታስተረጉም የሰነበተችውም እሷው።

እሑድ ጠዋት ፓትሪክ ቦርሳውን ሲያነሳ ሙሔ ይዞታል።

“ምን ይላል?”

“አባዬ፣ ነገ ሥራ አለኝ ይላል።”

“ሥራ ያለው ሰው እንዲህ ይከሳል? ቢስሚላህ በይው! ይብላ!”

ከሙሔ ቤት ሊወጣ ሲል ጎረቤት በር ላይ ጠበቀው። “ሙሔ ቤት በልቶ እኛን ሊያልፈን? ምን በደልነው?” እዚያም ገባ። ከዚያም ያኛው ጎረቤት፤ ከዚያም የዚያኛው አማት። ቅቤ የጠጣ ቂጣ፣ ማር፣ እርጎ፣ ቅሪቦ... ሲያገሳ “አልሐምዱሊላህ” እንዲል አስተምረውታል። እኔ ደግሞ ሰኞንም ማክሰኞንም አስተማርኩ።

ትሉ ይሆናል፣ ይህ ሰው ለምን ተመልሶ ይሄዳል? ወደደዋ! በየሁለት ሳምንቱ ይሄድ ጀመር። እንድሪስ ደግሞ አይቆጣውም። ከዞን የመጣ ሁሉ ከፓትሪክ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ እንድሪስም ጠርዝ ላይ ይገባል፤ ፎቶውን ማን ያጣል? እኔም ቀስ በቀስ ከሰኞ አልፌ ረቡዕን መቅመስ ጀመርኩ። ሙሔ እንዲህ ቢቀጥል እስከ ሰኔ ሳምንቱን ሙሉ እጄ አስገባለሁ ብዬ ሳሰላ... ደግነት ዞሮ እኔን መታኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ፓትሪክ ማጀት በር ላይ ተቀምጦ ፊቱ ጠቁሮ ሰዓዳ አየችው። ጠየቀችው። ሥራዬን ብዙ ጊዜ አጎደልኩ፤ አለቃዬ ምን እያለኝ ይሆን አላት። ሰዓዳ አባቷ ዘንድ ሄደች።

“አባዬ፣ ይህን ሰውዬ እንልቀቀው።”

“ምን አጠፋንበት?”

“ምንም። እኔ ሰው አገር ስሠራ ጁምዓም ቅዳሜም አልነበረኝም። አሰሪዬ ፊቷ የጠቆረ ቀን እህል አይወርድልኝም ነበር። ይኸው እሱም አሁን አይወርድለትም። ሰው አገር ነው ያለው።”

 ሙሔ ተነስቶ ሽመሉን አነሳ።

“እንግዲያው ብቻውን አይሄድም። እኛ ነን ያስቀረነው፤ አሰሪው ዘንድ ሄደን ይቅርታ የምንጠይቅለትም እኛ ነን።”

እሑድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ፓትሪክ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ከኋላው ሙሔ፣ ከሙሔ ኋላ ሰዓዳ፣ ከሰዓዳ ኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ኋላ አንድ ወጠጤ።

“አብሽር!” አለኝ ፓትሪክ።

ሰኞ ጠዋት ፓትሪክ በሰዓቱ አስራ አንደኛ ኤ ገባ። እኔ? እኔ እንግዶች አሉብኝ! ሽማግሌ ቤቴ አስቀምጬ ደብተር ይዤ ልውጣ? ድስት ላይ ዋልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ለወባ ካልሆነ ቀርቼ አላውቅም፤ ለራሴ ዘመዶች ስል ቀረሁ። ከረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መጣ።

“እትዬ ዘሀራ፣ ዳይሬክተሩ ያለ ፈቃድ ለምን ቀሩ? ብሎ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቷል።”

ሙሔ ከመደቡ ቀና አለ። “ማን ነው እንዲህ ያለው?”

“የፓትሪክ አሰሪ” አልኩ።

“እሱ ዘንድ አይደል የመጣነው? ውሰጂን እንጂ!”

ወሰድኳቸው። ቢሮ አይደለም... ቤቱ! በምሳ ሰዓት፣ ከነወጠጤው። የእንድሪስ ሚስት ከድጃ የቦረና ወሎ ልጅ ናት፤ እንግዳ ስታይ ፊቷ የሚበራ። “ማሻአላህ! ግቡ ግቡ! እንዴት ያለ ቀን ነው!” አለች። እንድሪስ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ብድግ አለ።

ሙሔ በቆመበት ንግግር አደረገ። “ጌታው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁን ያስቀረነው እኛ ነን። ይቅር በለው።”

“ኧረ እኔ አልተቆጣሁትም!”

“ይህማ ጨዋነትህ ነው። ከልብህ ይቅር በለው።”

“ወላሂ አልተቆጣሁም!”

“አየህ፣ ገና አልበረደልህም። እንጠብቃለን።”

ተቀመጡ።

አንባቢዬ፣ ያልተቆጣ ሰው እንዴት አድርጎ ይቅር ይላል? እስኪ ሞክሩት። እንድሪስ ቢስቅ “ለይምሰል ነው” ይሉታል። ዝም ቢል “ቂም ይዟል” ይሉታል። ወጠጤው ታረደ፤ ከድጃ የራሷን በግ ጨመረች፤ የሰፈሩ ሰው “ምን ሆናችሁ ነው?” እያለ እየገባ ተቀመጠ። ማክሰኞም ዋሉ፣ ረቡዕም ዋሉ። ሐሙስ እንድሪስ ቤተ መጻሕፍት መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሳሎኑን ለእንግዳ ለቆ ወንበር ላይ ነበር የሚያድረው አሉ።

“ቲቸር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ይቅር ብያለሁ ስላቸው ፊትህ አልተፈታም ይሉኛል።”

“ፊትዎማ ድሮም እንዲሁ ነው።” እኔ ተማሪዬ የነበረን ሰው እርስዎ የምለው ስናደድበት ነው፤ ያውቀዋል።

“እንዲሄዱ ይንገሩልኝ።”

“እንግዳ ሂድ ይባላል እንዴ? ወሎ አይደሉም?”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ምን ይፈልጋሉ?”

የተገለበጠ መጽሐፍ አቃናሁ። ሌላም አቃናሁ።

“አስራ አንደኛ ኤን።”

“ፓትሪክስ?”

“ዘጠነኛ ንግግር ያለማምድ። አንድ ቃል እየደጋገሙ መናገር ይችልበታል።”

አፉን ከፈተ። ለውጥ ነው ሊል መሰለኝ፤ ዋጠው። “ከነገ ጀምሮ የእርስዎ ነው” አለ።

ወደ ቤቱ ሄጄ ሙሔን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

“ይቅር ብሏል፤ ከልቡ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።”

ሙሔ አየኝ። “ክፍልሽን መለሰልሽ?”

“የምን ክፍል?”

“አንቺ መቼም ነገርሽን ሁሉ ቀብረሽ ነው የምትሞቺ። ልጁ ገና መጀመሪያ የመጣ ዕለት ለሰዓዳ ነግሯታል። የዘሀራን ክፍል ነጥቀው ሰጡኝ፣ ፊቷን ማየት አፈርኩ ብሎ። ታዲያ ይህን አለቃሽን ያለነገር ነው እንዴ ይህን ያህል የበላሁት?”

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። “በሉ አሁን ሂዱ፣ ማሽላችሁን ወፍ ይጨርሰዋል” አልኩት። ሄዱ። ከድጃ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው፤ አለቀሰችም።

አርብ አስራ አንደኛ ኤ ገባሁ። በዓመቱ አስራ ሁለተኛ አደረስኳቸው፤ ፈተናቸውን ሲጨርሱ ጡረታ ወጣሁ። ፓትሪክ አገሩ ገብቷል፤ በየዒዱ ይደውላል፤ አነሳለሁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ከከተማው የወጣሁት በእህል መኪና ላይ ነው። እንድሪስ ቀድሞ ተጭኖ ነበር። ሲያየኝ ከተቀመጠበት ጆንያ ተነሳና “ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ” አለኝ። እሱ ቆመ።

ተቀመጥኩ። እስከ ደሴ አላናገርኩትም።