ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ባር

ጋሽ አሳምነው አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ተንበርክከው ግራ ጆሯቸውን የግድግዳው ማሞቂያ ላይ ለጠፉና እጃቸውን አነሱ። ዝም በሉ ማለታቸው ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፊርደውስ ዝም አለች። ቧንቧ ሠራተኛው ሙሐሲንም ዝም አለ፤ ዓይኑ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"ከላይ ይተነፍሳል" አሉ ጋሽ አሳምነው። "ከታች ታፍኗል።"

"ጋሼ፣ ይሄንኑ ባለፈው ሳምንትም ነግረውናል" አለች ፊርደውስ።

"ባለፈው ሳምንት በቀኝ ጆሮዬ ነበር።"

ከተማ ተብሎ መንገድ የተቀደደለት ቦታ ሁሉ አንድ አስመራጭ አለው። ፍራሽ ልትገዛ፣ ስልክ ልትቀይር፣ ቆርቆሮ ልታስጭን ስትነሳ ዘመድ ጎረቤቱ በአንድ አፍ "እሳቸውን ሳትይዝ እንዳትሄድ" የሚልህ ሰው ነው። ይዘሃቸው ትሄዳለህ። ዕቃውን ግን ይዘህ አትመለስም።

የመካነ ሰላሙ ክቡር አስመራጭ ጋሽ አሳምነው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሜትር፣ ማጉያ መነጽርና ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ የተፈታ የቡጢ ያህል ማግኔት አለ። ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚወጣው ማግኔቱ ነው። ማንኪያ ይነኩበታል፣ ማጠፊያ ይነኩበታል፣ አንድ ጊዜ የባለሱቁን ሰዓት ነክተውበት ለሁለት ወር ተኳርፈዋል። ነጋዴው ያሲን ለልጁ ሠርግ ጄኔሬተር ሊገዛ እሳቸውን ይዞ ደሴ ወረደ። ሦስት ቀን ዞሩ። ሠርጉ በፋኖስ አለቀ። ሙሽሮቹ ዛሬ ሁለት ልጅ አላቸው፤ ጄኔሬተሩ ገና አልተመረጠም።

ሁለት አባባል አላቸው። አንዱ "እስቲ ሌላም እንይ" ነው። ሌላው "ማን አሳደደን?" ነው።

ፊርደውስን ያሳደዳት ነገር ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሊባኖስ፣ ተራራ ላይ ባለ መንደር ሰው ቤት ሠርታለች። እዚያ በክረምት ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ያሞቃል፤ ሾፋጅ ይሉታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የወደደችው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እግሯን አስደግፋበት ትቆም ነበር። አገሯ ስትገባ ባለ ስምንት ክፍል ማረፊያ ሠራች። በእንጨት የሚነድ ያገለገለ ቦይለርና ስምንቱን ማሞቂያ በኮንቴይነር አስመጣች። ከተማው ላዲያተር ብሎ ጠራቸው፤ የየትኛው መኪና እንደሆኑም ጠየቃት። በመጀመሪያው ኅዳር ግን ውጭ አመዳይ ወርዶ ሣሩ ሲነጣ እንግዶቿ በሸሚዝ ተቀምጠው ካርታ ተጫወቱ። በሁለተኛው ለብ አለ። በሦስተኛው የመጡት ሰዎች አንድ ሌሊት አድረው፣ ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ ወጥተው ሄዱ። ሙሐሲን የአንዱን ማሞቂያ የታች መድፈኛ ሲፈታው የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ጥቁር ውሃ ወጣ። ዝገት ነው። መስመሩ በኃይለኛ የውሃ ፍሰት ወደፊትም ወደኋላም መታጠብ አለበት። ለዚያ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽን መምረጥ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ አሥራ ሁለት አሠልጣኞች ለአሥር ቀን ይመጣሉ። ከሊባኖስ ደግሞ የድሮ ማዳሟ ደውላለች። "ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ በወሩ መጨረሻ መልስ ስጪኝ" ብላለች። እነዚህም እንግዶች በርዷቸው ከሄዱ ፊርደውስ ቤቱን ዘግታ ትሄዳለች። ወስናለች። ለማንም አልተናገረችም።

እና በጥቅምት መጀመሪያ ጋሽ አሳምነውን ጠራች። ስህተቷ ይህ ነበር፤ ወይም አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቧንቧውን ለኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሙሐሲን በትክክል መለካቱን ለኩ። በሦስተኛው አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ዘንድ አስደወሏትና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

"ስንት ባር ነው የምትፈልጊው እህቴ?" አለ ሰውየው።

"አስተግፊሩላህ!" አለች ፊርደውስ። "ባር የለንም ወንድሜ። የሙስሊም ቤት ነው፤ ሻይና ለስላሳ ብቻ ነው ያለን።"



"የውሃውን ግፊት ነው የጠየቅኩሽ" አለ ሰውየው።

ሙሐሲን ሆዱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን አልጠራም፤ "ባለባሯ እንዴት አደርሽ?" ነው። ጋሽ አሳምነው ግን አልሳቁም። ስልኩን ተቀብለው "ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ባር!" ብለው ጮኹበት፤ ከዚያ አርባ ደቂቃ አስተማሩት። ቧንቧ ማጠብ መግፋት እንዳልሆነ፣ ማስኬድ እንደሆነ። ግፊቱ ከሁለት ባር ካለፈ የድሮ መገጣጠሚያ እንደማይችል። ውሃው አቅጣጫውን መቀየር እንዳለበት፤ በአንድ በኩል ብቻ የተገፋ ዝገት ጥግ ይዞ እንደሚቀመጥ። ሰውየው በመጨረሻ "አባባ፣ የሚፈልጉት ማሽን አለኝ፤ በሦስት ሳምንት ይደርሳል" አለ።

"እስቲ ሌላም እንይ" አሉና ዘጉት።

ሌላም አዩ። ኩታበር ድረስ ሄደው አንድ ፓምፕ በማግኔት ነክተው ተመለሱ። በአራተኛው ሳምንት የቦይለሩ ቤት በር ላይ በጠመኔ ሦስት መስመር ጻፉ። አንደኛ፣ የአዲስ አበባው ማሽን። ሁለተኛ፣ የላቫጆው የሁዜይፋ መኪና ማጠቢያ። ሦስተኛ፣ ደጎሎ የሚኖር ኪዳነማርያም የሚባል የገብስ ገበሬ ያለው አነስተኛ የመስኖ ሞተር። ሁለተኛውን ወዲያው በሁለት መስመር ሰረዙት።

"ይሄ መኪና ያጥባል፣ ቧንቧ ያርዳል። መቶ ሃምሳ ባር!"

"የደጎሎውስ?" አለች ፊርደውስ።

"ብዙ ውሃ አለው። ባሩም ትንሽ ነው።"

"እና እናምጣዋ!"

"ሄጄ ውዬ ሰማሁት፤ ድምፁ ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ነው። አልገባኝም። አብሽሪ፣ ማን አሳደደን? ለመሆኑ ኢስቲኻራ አድርገሻል?"

ጋሽ አሳምነው ክርስቲያን ናቸው። ግን ወሎ ተወልደው ስላደጉ፣ ሰው ሁለት ነገር መካከል ሲቆም ደጉን አሳየኝ ብሎ የሚሰግደውን ሶላት ከሸኾቹ እኩል ያዛሉ።

"አድርጌያለሁ ጋሼ" አለች ፊርደውስ። "ኢስቲኻራ ሁለት ረከዓ ነው። የእርስዎ አራት ሳምንት ሆነ።"

እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ልትከሳቸው ሚስታቸው ዘንድ ሄደች። እትዬ በዛች ደጃፍ ላይ ሽሮ እየነፉ ነበር። ጨርሳ እስክትናገር አላቋረጧትም።

"እኔን ለመምረጥ አራት ዓመት ፈጅቶበታል" አሉ። "አባቴ ሦስት ጊዜ 'ልጁ ይፈልጋታል ወይስ አይፈልጋትም?' ብለው ሰው ልከዋል። ፍሪጅ ግዛልኝ ካልኩት ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ቅቤዬ እስከ ዛሬ ጎረቤት ነው የሚያድር። ጓዳ ገብተሽ ብታዪ የራሱ አልጋ እንኳ የአባቱ ነው።"

"እንዴት ቻሉት እትዬ?"

እትዬ በዛች ወንፊቱን አስቀመጡ።

"እንዲህ አልነበረም። ወጣት ሳለ አንድ ቀን አለቃው ቶሎ በል አለውና በማሻ መንገድ ላለች አንዲት መንደር የጉድጓድ ፓምፕ መርጦ ፈረመ። በአንድ ቀን። የፓምፑ አቅም ለጉድጓዱ ጥልቀት አልበቃም። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ወደ ወንዝ ተመለሱ። እሱ በየሳምንቱ በእግሩ ሄዶ ያያቸው ነበር፤ ምንም አይላቸውም፣ ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው።" ወንፊቱን አነሱ። "አፉ በዪው ልጄ፣ ይቅር በዪው። ባትዪውም አልፈርድብሽም።"

ፊርደውስ አፉ አለች። ሐሙስ ጠዋት ግን የሁዜይፋን ላቫጆ ማሽን አስመጣች። ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ አፉ ማለት ክፍል አያሞቅም።

"አሁን ገና ሰው ሆንሽ ባለባሯ" አለ ሙሐሲን። የማሽኑን ጎማ ስምንት ቁጥር ክፍል ካለው ማሞቂያ ጋር አገናኘና አስነሳው። ከሃያ ሴኮንድ አልዘለለም። መገጣጠሚያው በጥይት ድምፅ ተፈነቀለ። ጥቁሩ ውሃ በነጩ ግድግዳ፣ በአዲሱ ፍራሽ፣ በሙሐሲን ፊት ላይ ሄደ። ሙሐሲን ማሽኑን ለማጥፋት ቁልፉን ቢፈልግ አጣው፤ ዓይኑ ተሸፍኗል። ፊርደውስ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሻንጣዋ የት እንዳለ ነው ያሰበችው።

ጋሽ አሳምነው መጡ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። ግድግዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ እሷን አዩ።

"ስንት ባር ነበር?" አሉ።

"አላየሁትም" አለ ሙሐሲን፣ ፊቱን በሸሚዙ እየጠረገ።

ነግሬያችሁ ነበር አላሉም። እሷን ያስገረማት ይህ ነው። ባልዲ ገልብጠው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ጋሼ" አለች፣ "እነዚህ ሰዎች ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ። ሊባኖስ። ክፍሌን ይዘውልኛል።"

ጋሽ አሳምነው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ማግኔት ይዘው ቆዩ።  ከዚያ ተነስተው ወደ ቦይለሩ ቤት በር ሄዱና በመዳፋቸው አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር አጠፉ።

"ደጎሎ ነው" አሉ።

"ድምፁስ?"

"ይጩህ።"

"ሌላ አናይም?" አለ ሙሐሲን፣ በማሾፍ ሳይሆን በፈራ ድምፅ።

"ሌላ አናይም።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጋሽ አሳምነው ሚኒባስ ያዙ። ሁለት መኪና ቀይረው ደጎሎ ገቡ፤ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ስንዴ በጫነ አይሱዙ፣ ሞተሩን ጭናቸው መሐል ይዘው ተመለሱ። ፊርደውስ በሕይወቷ ጋሽ አሳምነውን ዕቃ ይዘው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ለሰውም ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ የሱቅ በር ላይ ወጥቶ ያየ አለ።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀመሩ። የስምንት ቁጥርን መስመር ደፈኑት። በሁለት መቶ ሊትር በርሜልና በሁለት ወፍራም ጎማ ውሃውን ማዞር ያዙ። ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሰባት ማሞቂያ ተራ በተራ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ሙሐሲን ማሞቂያውን በጎማ መዶሻ ይደበድባል፤ ጋሽ አሳምነው በየሩብ ሰዓቱ ጎማዎቹን አቀያይረው ውሃውን ወደኋላ ይመልሱታል። ማግኔታቸውን በሲባጎ አስረው በርሜሉ ውስጥ ጣሉት። ሲያወጡት ጥቁር ጢም አብቅሏል። ጠረጉት፣ መልሰው ጣሉት፤ እንደገና ጢም አወጣ። ውሃው ከጥቁር ወደ ሻይ፣ ከሻይ ወደ ውሃ ሄደ። ድምፁ በእርግጥም ከሰዓት ሌላ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቦይለሩ ተለኮሰ። ጋሽ አሳምነው አራት ቁጥር ገብተው ተንበረከኩ።

"በየትኛው ጆሮ ነው ዛሬ?" አለ ሙሐሲን።

"በሁለቱም።"

ቆዩ። ፊርደውስ አልጠበቀችም፤ ጎንበስ ብላ የማሞቂያውን የታችኛውን ጠርዝ በመዳፏ ያዘች። ይዛ ቆየችና ሲያቃጥላት ለቀቀች።

"አያ አሳምነው" አለች፤ ጋሼ ማለት ጠፍቷት ነው። ዞር ስትል ግን ሰውየው ጀርባቸውን ለማሞቂያው ሰጥተው፣ ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ማግኔቱ በእጃቸው ነው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

አሠልጣኞቹ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ስምንት ቁጥር ፈርሷል፤ አራት ቁጥርን ፊርደውስ "ሰው አለበት" ብላ አልሰጠችም። አሥራ ሁለቱ ስድስት ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ።

አሥር ቀን ቆይተው ሄዱ። ለሊባኖስ የእምቢታ መልስ ተላከ።

በጥር ፊርደውስ ለእትዬ በዛች ፍሪጅ ገዝታ በጋሪ አስላከች። ጋሽ አሳምነው የበሩን ጎማ ዙሪያውን በማግኔታቸው ፈትሸው በዚያው ጋሪ መለሱት።