በፕሮፌሰሯ ቢሮ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሐበሻ ፊርማውን ከሚሰጣችሁ ኩላሊቱን ቢሰጣችሁ ይቀለዋል። ይህን ስል የቆየ ቂም ያላት ሴት መሰልኳችሁ? አልተሳሳታችሁም። ቂሜ ግን ምክንያት አለው፤ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ፣ ቪዲኮን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ለልጆች ሾርባ እቀዳለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አማካሪ ነበርኩ። ስለዚህ እጄ ሾርባ ይቅዳ እንጂ ዓይኔ ልጆቹ ላይ ነው። ማን ብቻውን እንደሚበላ፣ ማን የጎረቤቱን ዳቦ እንደሚቀማ፣ ማንን ሰኞ ሰኞ ብቻ ሆዱን እንደሚያመው አውቃለሁ። ወጥ ቤቱን የምትመራው ሴትዮ ይህን አይታ፣ ጭልፋ ይዤ የምቀር ሰው እንዳልሆንኩና ትምህርቴን እንድቀጥል ነገረችኝ። እኔም ነገር ከነገሩኝ አልረሳም፤ በጎም ይሁን ክፉ።

የመረጥኩት የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ጄኔቭ። ዙሪክ ያልሆነው ጀርመንኛው አልገባ ስላለኝ ነው። ፈረንሳይኛን ግን አዲስ አበባ መነኮሳይያት በማስመሪያ እየመቱ አስተምረውኛል፤ በማስመሪያ የገባ ደግሞ አይወጣም።

የመግቢያው መስፈርት የተጻፈበት ወረቀት ከሠርግ ጥሪ ዝርዝር ይረዝማል። በሥነ ልቦና ወይም በትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ... አለኝ። የፈረንሳይኛ ፈተና... አለፍኩ። ከገቡ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ በተቆጣጣሪ ሥር መሥራት፣ ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍ። ይሁን፣ ምን ገዶኝ! ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን አንዲት መስመር ተጋድማ ነበር። በሙያው ስሠራ ያየኝ አለቃ በጽሑፍ ይመስክር፣ ይፈርምም ትላለች።

አለቃዬ አቶ ምትኩ ነበሩ፤ የዚያ የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር። እግዜር ሲያመቻቸው እሳቸውም ተሰደው ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ደወልኩላቸው። ደስ አላቸው፤ ስለ ጨዋነቴ ብቻ ሩብ ሰዓት ተናገሩ። እንግዲያውስ ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙልኝ ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ በአፌ የፈለግሽውን እመሰክራለሁ" አሉ። "ወረቀት ግን እግር አለው። አገር ቤት ወንድሞች አሉኝ።"

አበው "በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ" ይላሉ፤ አቶ ምትኩ መልፈለፉን አልፈሩትም፣ የፈሩት ቀለም ነው። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ወረቀት እግር ብቻ ሳይሆን ክንፍም ነበረው። ስሙ ውጭ አገር ከኮበለለች ሴት ስም ጋር በአንድ ገጽ የተገኘ ሰው፣ ወንድሙ ቀበሌ ሊጠራ ይችላል። ይህን አውቃለሁ። ግን ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሜ ደወልኩ፣ ሁለት ጊዜ "እስቲ እናስብበት" አሉኝ። ዓርብ ረፋዱ ላይ ቃለ መጠይቅ እንዳለኝ፣ ወረቀቱ ከሌለ ግን ፋይሌ እንደሚዘጋ ነግሬያቸው ስልኩን አስቀመጥኩ። ከዚያ አለቀስኩ ወይስ አላለቀስኩም? እሱን አልነግራችሁም።

ዓርብ በማለዳ ባቡር ጄኔቭ ገባሁ። ቃለ መጠይቅ የምታደርግልኝን ፕሮፌሰር ቢሮ በር ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ሦስት ሽማግሌዎች ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ተደርድረው ቆመዋል። አንዱ አቶ ምትኩ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ እሳቸው የጠሯቸው፣ በዋዜማው ከዙሪክ አጠገብ ከዲቤንዶርፍ የመጡ ግራዝማችና ወንድማቸው፤ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አያውቁም። ፊርማ የፈሩት ሰውዬ ሽምግልና መጥተዋል!

ፕሮፌሰሯ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ባለመነጽር ሴት ናት። ሦስት ወንበር አስመጥታ ተቀመጡ ትላለች፣ አይቀመጡም። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እሷ ግን የጀርባ ሕመም መስሏት ነበር። እያፈርኩ አስረዳኋት።

"እና እኔ እሺ እስክል ድረስ ይቆማሉ?" አለችኝ። "እስከ መቼ?"

ለግራዝማች ተረጎምኩላቸው። "ንገሪያት፤ ጡረተኞች ነን፣ ጊዜ አለን" አሉ።

አቶ ምትኩ ጉሮሯቸውን ጠርገው በፈረንሳይኛ መመስከር ጀመሩ። ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንደምመልስ ተናገሩ። አባቷ ከሞተ ወዲህ አፏን የዘጋች ተማሪ አጠገብ ሦስት ወር በዝምታ ተቀምጬ፣ በመጨረሻ እንዳናገረችኝ ተናገሩ። ስድስት ዓመት ይህን ያየ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ለካ ያዩ ኖሯል! እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ተከተለው። ይህን ሁሉ እያዩ ነው እንግዲህ፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲመጣ ተራው የእኔ ሆኖ ሳለ የሚስታቸውን እህት የላኩት? ያውም የባልትና አስተማሪ!

ፕሮፌሰሯ እሳቸው ሲናገሩ በታይፕ ትመታ ኖሮ፣ ሲጨርሱ ወረቀቱን ፊታቸው አኖረችው። ይህ የራሳቸው ቃል እንደሆነና ከፈረሙበት እሷም ፋይሌን እንደምትቀበል ነገረቻቸው። የፈሩትን ስነግራት ወረቀቱ የሚቆለፍበትን ቁም ሣጥኗን አሳየቻቸው፤ ቁልፉን እሷ ብቻ ነው የምትይዘው። አቶ ምትኩ ብዕሩን እባብ እንዳዩ አዩት። ደቂቃዎች አለፉ። የግራዝማች ወንድም አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግራቸው መቆም ጀመሩ።

ግራዝማች ተርጉሜላቸው ነገሩ ሲገባቸው ወደ አቶ ምትኩ ዞሩ። "ምትኩ፣ እኔ የቆሰለ እግሬን ይዤ የቆምኩት ይህችን ፈረንጅ ለመለመን መስሎኝ ነበር። ለካ የሚለመነው አንተ ነህ?"

ይህን ብለው ከወንድማቸው ጋር አቶ ምትኩ ፊት ለፊት ቆሙ። ሊያማልዱ የመጡት ሰውዬ ሽማግሌ ተላከባቸው! አቶ ምትኩ ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈረሙ። ከዚያ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ተቀመጡ።

ገባሁ፤ ተመረቅኩም። ወንድሞቻቸውንም ማንም አልነካቸውም። የዚያን ቀን ግን ስንወጣ፣ ደረጃው ላይ አቶ ምትኩ ክንዴን ያዝ አደረጉና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እንግዲህ ስለዚያች ስለ ሚስቴ እህት ነገር... ታረቅን ማለት ነው?"

"ለእሱ ለብቻው ሽማግሌ ይላኩ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

እስከ ዛሬ አልላኩም። እኔም ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው።