አማቴ ለቢላው ያዋጡት ከሰል

ልብስ ሰፊ ዘንድ ስሄድ ክር ይዤ አልሄድም። ወፍጮ ቤትም ናፍጣ አምጪ ያለኝ የለም። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ግን፣ በእኛ አገር፣ ከሰሉ የባለጉዳዩ ነው። ወናፉንም የምትነፉት እናንተው ናችሁ። ታዲያ ለቀጥቃጩ ምን ቀረው አትሉም? እጁ ነዋ።

ልጄን ልድር ሽር ጉድ ስል የቤታችን ማረጃ ቢላ ተሰበረ። በሬው ተገዝቷል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ቢላ የለም። የገበያውን አታንሱብኝ፤ እሱ ሽንኩርትም ይለምናል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ የመኪና ባሌስትራና አንድ ማዳበሪያ ከሰል አዘጋጅቼ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ መውጫ ላይ ወደሚሠሩት ወደ አያ ደምሌ ልሄድ ተነሣሁ።

ለሠሪ ምሳ መውሰድ ደንብ ነው። ዶሮ ወጥ ፈትፍቼ አገልግሉን ልከድን ስል አማቴ እማማ ጥሩዬ መጡ። እማማ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ይመስላቸዋል። ቡዳ ደግሞ ከሰል ይፈራል ይባላል፤ ከቤት በሚወጣ ምግብ ላይ አንዲት ከሰል ጣል የሚደረገው ለዚህ ነው። አማትቤበታለሁ እኮ ብላቸው፣ ማማተቡም ይሁን፣ ከሰሉም አይቅር አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰል ሲያነድ የሚውል ሰው ከሰል እንዴት ይፈራል? አልኳቸው። ለምዶት ይሆናላ፣ ማብዛት ነው አሉና አንድ እፍኝ ሙሉ በኮባ ቅጠል አድርገው አናቱ ላይ አስቀመጡት። አማት ናቸው፤ አገልግሉን ከደንኩ። መንገድ ላይ አውጥቼ እጥለዋለሁ ብዬ ነበር፤ ባጃጁ ሲያንገጫግጨኝ ረሳሁት።

እኔ ወናፍ እየነፋሁ፣ አያ ደምሌ እየቀጠቀጡ ቢላው ቅርጽ ያዘ። የቀረው ስለቱን አግሎ ውኃ ማጠጣት ነው። ያለዚያ ቆዳ ላይ ይታጠፋል። እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ብሰድ ብናኝ ብቻ። የከሰል ነጋዴ ነገር፤ አፉ ላይ ጉማጅ፣ ሆዱ ውስጥ ትቢያ። ሁሉም የየራሱን ስለሚያመጣ እሳቸው ዘንድ ትርፍ ከሰል የለም። መንደርተኛውም ገበያ ወርዷል። ፍሙ እየሞተ ነው።

እስቲ እህል እንቅመስና እግዜር ያውቃል አሉና አገልግሉን ሳቡት። ያኔ ትዝ አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ክዳኑን አነሡ። ከሰሉን አዩ። እኔን አዩ። እኔ መሬት አየሁ። ሥራውን ጥለው ቢነሡ አይፈረድባቸውም፤ የልጄ ሠርግ በጎመን ሊያልፍ ነው።

አያ ደምሌ አንዷን በጉጠት አንሥተው አገላበጧት።

«የግራር ናት» አሉ። «ገበያው ለእሳት ብናኝ ይሸጣል፤ እናንተ ለቡዳ ምርጡን ትሰጣላችሁ።»

እፍኙን እንዳለ ፍሙ ላይ ገለበጡና ንፊ አሉኝ። እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። ስለቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ውኃ ሲገባ ጮኸ።

የሠርጉ ዕለት በሬው በዚያው ቢላ ተበለተ። እማማ ጥሩዬ ጠጋ ብለው፣ ከሰሉ ረዳ አይደል? አሉኝ። እጅግ ረድቷል እማማ፣ አልኳቸው። ሐሰት አልተናገርኩም።

አያ ደምሌም ተጠርተው ነበር። በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«እታለም፣ መጥረቢያ ስታሠሪ እማማ ጠንከር አድርገው ይፍሩኝ። መጥረቢያ ብዙ ከሰል ይበላል።»