ቤንዚን ጠጪዋ ማኪናዬና የጎንደር ሊቃውንት

ጎንደር ውስጥ ስለ ማኪና የማያውቅ ሰው ቢኖር መካኒኩ ብቻ ነው። ይህን ስል ቅር የሚለው መካኒክ ካለ አይቀየመኝ... ወይም ይቀየመኝ፤ ሦስቱን ቀምሼ ነው የምናገረው።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ አንዲት ትንሽ የቤት ማኪና አለችኝ። አሮጊት ብትሆንም ሥርዓት ያላት፣ በትንሽ ቤንዚን ብዙ መንገድ የምትሄድ ነበረች። ባለፈው ሰኔ ግን አመሏ ተለወጠ። ዳገት ላይ ታንገራግራለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ቤንዚኑን እንደ ሠርግ ቤት ጠላ ትጨልጠዋለች። ውስጧ ሲቀመጡ ሽታው ራስ ያዞራል። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ቤንዚን በዝቷል፣ አየር አንሷል። ይህንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የቀረው ለምን በዛ የሚለው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የእጅ ሥራ ስለሆነ ለመካኒክ ተውኩት። የተማረ ሰው እጁን ጥላሸት ማስነካት ምን በወጣው... አላላችሁም? እኔ ብያለሁ።

የመጀመሪያው መካኒክ በጆሮው የሚያክም ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ቅኔ መምህር አዳመጠና ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው አለ። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ በእርግጥም ጥላሸት ለብሰዋል። ቀየራቸው። በሦስተኛው ቀን አዲሶቹም ጠቆሩ። ሄጄ ብነግረው የሰፈሬን አቧራ ወቀሰ።

ሁለተኛው ዘመናዊ ነው። በኮምፒዩተር እመረምራለሁ ብሎ ገመዱን ይዞ ማኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት፤ የሚሰካበት ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ማኪናዋ የተሠራችው እንዲህ ያለው ነገር ገና ሳይታሰብ ስለሆነ ቀዳዳ የላትም። ሰውዬው ግን አላፈረም። መሣሪያውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ፣ በሽታው ኮምፒዩተር የማያየው ዓይነት እንደሆነ አስረዳኝ።

ሦስተኛው ከሁሉም ባሰ፤ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ጎንደር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል አለኝ። ሳይንሱስ ልክ ነው።

"ወንድሜ፣" አልኩት፣ "ጎንደር ባለፈው ወር ከፍ አላለችም።"

ሰውዬው ካርቡራተሩን፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ አጥቦ መለሰልኝ። እኔ ግን በዚያ አልተውኩትም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠሁት።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ጋራዥ ስትደርስ ጭሱን መተዋ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት ሰው፣ በሦስቱም ፊት ጨዋ ሆና ቆመች። ወደ ሰፈሬ ስመለስ ግን ያው አመሏ ነው።

በዚህ መሃል የአክስቴ ጉዳይ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ አምባ ጊዮርጊስ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዳበሳ ነው የሚንቀሳቀሱት። ከሌላ ቦታ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ጎንደር ላይ ለጥቂት ቀን ሲያክሙ፣ ተራቸው በመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የመጣ አይታይም ተብሏል። ዘመድ ሁሉ በአውቶቡስ ይምጡ ሲል፣ እኔ ማኪና እያለኝ ብዬ ፎከርኩ።

በንጋት ሄጄ ይዣቸው ስመለስ፣ አንድ ዳገት መሃል ላይ ማኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋችና ቀጥ አለች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ብሞክር ብሞክር አልነሳ አለች። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የማውቀው ሁሉ ትዝ አለኝ፤ የቤንዚን ቀመር፣ ለመቃጠል ስንት አየር እንደሚሻ... የትኛውን ብሎን እንደምነካ ግን አላውቅም። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ እጄን ባወዛውዝለት ሞልቶ ነበርና አልፎኝ ሄደ። ሦስት ዓመት በጨለማ የኖሩ ሴት በእኔ ፉከራ ተራቸው ሊያልፍ ነው።

ተመልሼ ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ከፊታቸው ተሰቅሎ የነበረውን ቦርሳዬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

"ጉልበቴን እየመታ ቢያስቸግረኝ ዳብሼ አወረድኩት" አሉ። "ምነው ይህን ያህል ሸክም ከዚያች ሚጢጢ እጀታ ላይ ትሰቅላለህ?"

ቁልፉን አዞርኩ። ማኪናዋ አንዴ ሳለችና ተነሳች። ዳገቱንም ያለ ጭስ ወጣችው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚጢጢዋ እጀታ የካርቡራተሩ ቾክ ናት። ጧት ሞተሩ ቀዝቅዞ አልነሳ ሲል ትሳባለች፤ ስትሳብ አየሩን ትዘጋለች። አርጅታ መያዣዋ ስለላላ፣ ሲለቋት ራሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ በተማሪ ወረቀት የታጨቀ ቦርሳዬን የምሰቅለው እሷ ላይ ነበር። ጋራዥ ስሄድ፣ የፈተና ወረቀት ጥሎ አይኬድም ብዬ ቦርሳውን ይዤ እወርዳለሁ... ቀሪውን እናንተ አስሉት። አንድ ወር ሙሉ የማኪናዬን ጉሮሮ አንቄ ይዤ፣ ለምን አትተነፍስም እያልኩ መካኒክ ስሰድብ ከረምኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይህ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ማኪናዋ ምን ሆና እንደነበር ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። ስለ ከፍታ፣ ስለ ስስ አየር፣ ስለ ቤንዚን ጠባይ እያብራራሁላቸው ከተማ ገባን።

"እኔስ ቦርሳውን ሳነሳ ሽታው የጠፋ መስሎኝ" አሉ።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስን፤ አንድ ዓይናቸውም ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ነርሷን አዩ፤ ሸጋ ልጅ ነሽ ብለው መረቋት። ቀጥሎ እኔን ከእግር እስከ ራሴ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

"አወቁኝ እትዬ?" አልኩ፣ ወደ ፊታቸው ጎንበስ ብዬ።

"ምነው አላውቅህ" አሉ። "ብቻ በድምፅህ ብልህ ትመስለኝ ነበር።"