የቄስ ይርጋ ትርታ

ጨርሶ ያልተማረ ሰው «አላውቅም» ይላል፤ በደንብ የተማረው «እስኪ እንየው» ይላል። መሐል ላይ የቀረነው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ መልሱን ከጥያቄው አስቀድመን እንሰጣለን። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የተባለው ለእኔ ብጤው ነው።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ጤና ረዳት ነበርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሴኮንድ የምትቆጥር ሰዓት አስሬ ስቀመጥ ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። አላርመውም። እናንተ ብትሆኑስ ታርሙት ነበር?

አንድ ቀን በነሐሴ ቄስ ይርጋ መጡ። የሚያገለግሉት በሊማሊሞ በኩል፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ የገጠር ሚካኤል ነው። ቤታቸው ታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ አቀበቱ አናት ላይ ስለሆነ ያንን አቀበት በየቀኑ ይወጡታል። አመጣጣቸው ተረከዛቸው ውስጥ የገባ እሾህ ሊያስነቅሉ ነበር። ነቀልኩላቸው። በዚያው ብተዋቸው ምን ነበረበት! ሰዓቷ አላስቀምጥ አለችኝና የእጃቸውን ደም ሥር ያዝኩ። ትርታቸው አየር ሲስቡ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ይዘገያል። ለማነጻጸር የራሴን ያዝኩ፤ ዝንፍ አይልም።

«አባ፣ ልብዎ ተዛብቷል። ሦስት ወር ከአልጋ እንዳይነሡ!»

ቄስ ይርጋ ደነገጡ። «ልጄ፣ ቅዳሴ አምስት ልዑካን ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ያለነው አምስት ብቻ ነን፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። እኔ ከተኛሁ የኅዳር ሚካኤል ያለ ቅዳሴ ሊውል ነው?»

«ከሞቱስ ማን ይቀድሳል?» አልኩና ረታኋቸው። እሾህ ሊያስነቅሉ መጥተው የልብ በሽተኛ ሆነው ተመለሱ።

ሁለት ወር ሙሉ ሰንበቱ ያለ ቅዳሴ አለፈ። የጎረቤት ደብሮችም ትርፍ ቄስ አልነበራቸውም። በጥቅምት መጨረሻ ቄስ ይርጋን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ደም ሥራቸውን ብይዝ፣ ወይ ተአምር! ትርታቸው እንደ እኔው ዝንፍ አይልም።

«ድነዋል!» ብዬ ጮህኩ።

ቄሱ ከቃሬዛው ተነሥተው በሩ ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራቸውና ግድግዳውን ያዙ። «መዳን እንዲህ ከሆነ፣ በሽታዬን መልስልኝ» አሉ።

በዕለቱ ከጎንደር ለጉብኝት የመጣ እውነተኛ ዶክተር ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጤነኛ ልብ ሰልፈኛ አይደለም፤ ትንፋሽን እየተከተለ ፈጠን፣ ዘግየት ይላል። አቀበት የለመደ ሰው ልብ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቅበታል። አስተኝተህ አደነዘዝከው።» ቀጥሎ የእኔን እጅ ያዘና ትርታዬን ቆጠረ። «አንተስ ውሎህ የት ነው?»

ውሎዬ ከወንበር ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ወንበር ነበር። እፍረቴ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኝ ነበር። በቄስ ይርጋ ጉልበት ላይ ወደቅሁ።

«ተነሥ» አሉኝ። «ንስሐህ ይህ ነው፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ጠዋት ጠዋት እየመጣህ፣ ደግፈኸኝ አቀበቱን እንለማመዳለን።»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ንስሐ ገባ ቢባል ጉድ ይፈላ ነበር፤ መዝገብ ላይ «የመስክ ሥራ» ብዬ ጻፍኩት። መጀመሪያ ቀን ከአቀበቱ ሥር እስካለው ዋርካ ድረስ ሄድን፣ በሳምንቱ እስከ አቀበቱ እኩሌታ። እኔ እደግፋቸዋለሁ ስል፣ እሳቸው ይጎትቱኝ ጀመር።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት በማለዳ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ አቀበቱን ሞላው። ቄስ ይርጋ «በርታ እንጂ!» ብለውኝ ወደፊት አለፉ። ከላይ የቅዳሴው ዜማ ሲሰማ፣ እንባዬ መጣ። የሚካኤል በር ተከፍቷል፤ አምስቱም ልዑካን ቆመዋል፤ ሕዝቡም ገብቷል። ያን ሁሉ ሰው ሁለት ወር ከቅዳሴ ያስቀረሁት እኔ ግን ገና አቀበቱ ወገብ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለከልክ ነበር። ከአጥቢያው በዕለቱ ቅዳሴ የቀረብኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይበለኝ!