የግቢያችን የውሃ አዛዥ፣ እትዬ ሽታዬ

አዳማ ውስጥ የጋራ ቧንቧ ያለው ግቢ ሁሉ አንድ የውሃ አዛዥ አለው። ማንም አይመርጠውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ከሥልጣኑም አይወርድም። ሞጆ እህቴ ግቢ አንድ አለ፤ ሻሸመኔም ሄጄ አንዱን አይቻለሁ። የእኛዋ ግን የሁሉም የበላይ ናቸው፦ ክብርት እትዬ ሽታዬ፣ የቧንቧ፣ የበርሜልና የቦይ ጠባቂ።

እትዬ ሽታዬ ከቤታቸው ሳይወጡ የማንኛችን ባልዲ ሞልቶ እንደፈሰሰ በድምፁ ያውቃሉ። ጥርሴን ስቦርሽ ቧንቧውን ለአፍታ ከለቀቅኩት በመስኮት ብቅ ይላሉ። «ማርቲ! ጥርስሽ ስንት ነው? ሠላሳ ሁለት አይደል? ለሠላሳ ሁለት ጥርስ አንድ ኩባያ አይበቃም?» አንድ ቀን ፊቴን በሳሙና ለቅልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ውሃውን በእጄ ስፈልግ ስፈልግ፣ ለካ እሳቸው መጥተው ዘግተውት ኖሯል።

በእሳቸው ሕግ ውሃ «ሦስቴ ሳይሠራ ጡረታ የለውም!» ልብስ ያለቀለቀው ወለል ይወለውላል፤ ወለል የወለወለው ሽንት ቤት ይወርዳል። ድንችና ጎመን ያጠበው ደግሞ ለጓሮ ችግኝ ነው። እጣቢ ስደፋ ካዩኝ ሰው እንደገደለ ያስጠይቁኛል።

የባጃጅ ሹፌሩ ጎረቤታችን ባጫ ደግሞ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሊደፋ ሲል ደረሱበት። ቦዩ የሚወርደው ከታች ያሉት ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው ወደሚቀዱበት ነው።

«ሃርሜ፣ ትንሽ እኮ ነች!» አለ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

«ትንሽ ከሆነች ጠጣትና አሳየኝ። ከዚያ እኔም እከተልሃለሁ።»

ዘይቱን በጀሪካን ይዞ ወደ ጋራዥ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባጃጁን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚወለውለው።

ታዲያ እስቃለሁ እንጂ እፈራቸዋለሁ። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ፍርሃቴ እጥፍ ሆኗል፤ ውሃው ሲጠፋ እጨነቃለሁ፣ ውሃው ሲመጣ እሳቸው አሉ።

ባለፈው ወር ውሃ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። በመሃሉ የስምንት ወር ልጄን ሰብለወንጌልን ተቅማጥ ያዛት። በማለዳ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ኦአርኤሱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጫት፤ ጡትም አታቋርጪ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸናች ግን ይዘሻት ሩጪ» አሉኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የሸናችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።

ቤቴ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ነበረኝ። ነበረኝ ነው የምላችሁ። አራት ሰዓት ላይ ቧንቧው ጉርርር ብሎ አስነጠሰ። «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ግቢውን አናጋው። ይህን ጩኸት የሰማ ሰው ልቡን እንደሚስት ታውቃላችሁ። የቆየውን ደፍቼ ለልጄ አዲስ ልሙላላት ብዬ ሁለቱንም ጀሪካን ደጅ አንዠቀዠቅኩት። ቧንቧው አንድ ጣሳ ደፍራሽ ተፋ፣ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ዝም።

እትዬ ሽታዬ በራቸው ላይ ቆመዋል። የረጠበውን መሬት አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እትዬ፣ ደፋሁት። የልጄን ውሃ ደፋሁት።»

ገብተው አፉ በላስቲክ የታሰረ ጀሪካን እየጎተቱ ወጡ።

«አፍዪው።»

«እርስዎስ ምን ሊጠጡ?»

«እኔ ግመል ነኝ። አፍዪ ብያለሁ!»

የፈላውን በድስት ክዳን እያራገቡ አቀዘቀዙልኝ። ከዚያ ልጄን ታቅፈው ተቀመጡ፤ አንድ ማንኪያ፣ ቆየት ብሎ ሌላ ማንኪያ። ሙቀቱ ስለበዛባት የሽንት ጨርቋን አውልቀንላታል። እኔ ሰዓት አያለሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ምንም። ሰባት ተኩል፣ ምንም። ባጫ ባጃጁን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቃል። «ሃርሜ፣ እንሂድ?» ይላል በየደቂቃው።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ ሽታዬ ድንገት ቀጥ አሉ።

«ሸናች!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ባጫ ማን ወለደ ብሎ ሮጦ ገባ። ሽንቷ ከእትዬ ቀሚስ ወደ ወለሉ ተንቆረቆረ፤ በዚህ ግቢ ያለ ወቀሳ ሲፈስ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

«እትዬ፣ ቀሚስዎን ያውልቁና ልጠብልዎት» አልኩ በሀፍረት።

ልጄን ከጭናቸው ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝ። «በየትኛው ውሃ? ሁለት ጀሪካን መሬት አጠጥተሽ ደግሞ ቀሚስ ልጠብ ትያለሽ! ተዪው፣ በላዬ ላይ ይደርቃል» አሉና ቀጣዩን ማንኪያ ወደ አፏ አስጠጉላት።