ባለጠርሙሱ ደጃፍ የተተከለው ድንኳን

በእኛ አገር ታሞ መድኃኒት ማጣት የማይታሰብ ነው። እስኪ ነገ ጠዋት ወገባችሁን ይዛችሁ ከቤት ውጡ። ዋናው መንገድ ሳትደርሱ ጎረቤት ቅጠል ያዝላችኋል፤ የባጃጁ ሹፌር የአጎቱን ልጅ ያዳነውን ሥር ይነግራችኋል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ “ኧረ ተዉ፣ እሱ ኩላሊት ያቃጥላል” ትልና የራሷን ትመርቅላችኋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ያልደበቀውን ሰው ከመድኃኒት ብዛት ማን እንደሚያድነው ግን አልነገሩንም።

ከወዲሁ እንዳንቀያየም፣ እኔ የቅጠል ጠላት አይደለሁም። ጉንፋን ሲይዘኝ ዛሬም ዳማከሴ ጨምቄ እጠጣለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ዳማከሴን የሚንቅ ሰው ካለ አላጋጠመኝም። ነገር ግን ዳማከሴ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ መካንነትንና የተበላሸ ትዳርን በአንድ ጊዜ አድናለሁ ብላ በድምፅ ማጉያ ለፍፋ አታውቅም። እንዲህ ያለው ባለጠርሙሱ ነው።

ባለጠርሙሱ ከየት እንደመጣ በውል አይታወቅም። መንገድ ዳር ሱቅ ተከራየ፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቀለ፤ ቡናማ ውኃ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ደረደረ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ ሰላምታ ያውቃል። ብዙም ሳይቆይ እድራችን ውስጥ ተመዘገበ፤ ለቅሶም አይቀርም።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዝም ማለት ስላቃተኝ ጥቂት ባልደረቦቼን ሰበሰብኩና ፈቃድ አውጥተን አንድ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ ሰልፍ ወጣን። “ማስረጃው የት አለ?” የሚል ጨርቅ ዘረጋን፤ ጮኽን፤ አስረዳን። ሕዝቡ በጥሞና አዳመጠንና አጨበጨበልን። ከዚያ ባለጠርሙሱ ማጉያውን አንስቶ፣ “መምህሮቻችን ጉሮሯቸው ደርቋል፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠርሙስ በነፃ” አለ። ከመካከላችን አንዱ ተቀበለው። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም አብሮኝ ያስተምራል።

ለዚህ ሁሉ የገፋፋኝ የጋሽ ምንይችል ነገር ነው፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ጥሩምባቸውን እየነፉ በየመንደሩ የሚያረዱን እሳቸው ናቸው። የሟቹን ስም ሲጠሩ እንደ ዝርዝር አይጠሩትም፤ ያንን ሰው ሲሳደብ፣ ሲስቅ፣ ሰው ሲረዳ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ስኳር አለባቸው። ከዓመት ዓመት ኢንሱሊን እየተወጉ ደህና ነበሩ። ባለጠርሙሱ ግን “መርፌና የእኔ መድኃኒት አይስማሙም” አላቸውና መርፌውን ጣሉት።

ልጠይቃቸው ስሄድ ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተው ነበር። ውኃ ይጠጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይጠጣሉ። ስለ ቆሽትና ስለ ሆርሞን ብዙ ተናገርኩ። ጨዋ ናቸውና እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“መምህር፣ አንዱ ዕድሜ ልክህን ትወጋለህ ይልሃል” አሉኝ። “ሌላው ትድናለህ ይልሃል። አንተ ብትሆን የትኛውን ትሰማለህ?”

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ነው። ተሰናብቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንድ አባል ተነሳና “ጋሽ ምንይችል አልቻሉም፣ ሌላ ጥሩምባ ነፊ እንምረጥ” አለ። የእድሩ ዳኛ እትዬ ባንቺአምላክ ናቸው፤ ጤፍ ነጋዴ፣ ቁጡ ሴት፣ ባላቸውን ያጡ። ረጋ ብለው ተነሱ።

“ሰውየው ሳይሞት ወራሽ ትመርጣላችሁ?” አሉ። “እኛ ሁልጊዜ ከሞት በኋላ ነው የምንደርሰው። አንድ ቀን እንኳ ቀድመን ብንደርስ ምን አለበት? በሉ ድንኳኑን አውጡ። ባለጠርሙሱ በር ላይ ይተከል።”

የሁሉም ዓይን ከመካከላችን ወደተቀመጡት ቄስ ዞረ። የጋሽ ምንይችል የነፍስ አባት ናቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ “በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም፤ መቀመጥ ግን ኃጢአት አይደለም” አሉ።

በገበያው ቀን ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ። ያን ቀን ያየሁትን በደንብ እንደምነግራችሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ጨርቅ አልተዘረጋም፣ ማንም አልጮኸም። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ በቃ። የገበያተኛው ጋሪ ድንኳኑን ሲያይ ይቆማል፤ ባጃጁ ዘፈኑን ያጠፋል፤ ከገጠር የመጣው ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ይገባና ከተቀመጠ በኋላ አጠገቡ ላለው ያንሾካሹካል።

“ማን ነው የሞተው?”

“ገና ነው።”

“ገና ነው ማለት?”

ያኛው በአገጩ ወደ ሱቁ ያመለክታል። ገበሬው ጠርሙሶቹን ያያል፤ ለቀስተኛውን ያያል። አንዱ ከጋቢው ሥር ጠርሙስ አውጥቶ እግሩ አጠገብ ሲያስቀምጥ አየሁ። ሌሎችም ተከተሉት።

ድምፅ ማጉያው ሳይከፈት ዋለ። ለቅሶ ፊት የሚለፍፍ ሰው ጎጃም ውስጥ አልተወለደም፤ ቢወለድም አላደገም። ለመግዛት የመጣውም ቢሆን ያን ሁሉ ተቀማጭ አልፎ ወደ ሱቁ መግባት አቃተው። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ዝምታ በሕይወቴ አላየሁም። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ረፋዱ ላይ ባለጠርሙሱ ብቅ አለ። በሩ ላይ ተገትሮ አየን። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ መጣና ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ያድርግ፤ የእድር አባል ነው፣ ደጁ ድረስ ከመጣ ለቅሶ ወዴት ይቀራል?

“እግዜር ያጽናችሁ” አለ፣ ከልማድ።

“አንተንም” አሉት እትዬ ባንቺአምላክ።

እኩለ ቀን ከመሆኑ በፊት ከታች በኩል ሰዎች መንገድ ሲለቁ አየን። ጋሽ ምንይችል ናቸው። ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተተክሏል ሲባል ሰምተው፣ እሳቸው ሳያረዱ የሚቀበር ሰው አለ ብለው ተቆጥተው ነው የመጡት። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በአንዱ ጥሩምባ ይዘዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

“ማን ሞቶ ነው ያልተነገረኝ?” አሉ።

ድንኳኑ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። እትዬ ባንቺአምላክ ወደ እሳቸው ሄዱ።

“አንተ ነህ፣ ምንይችልዬ” አሉ። “ባሌን ስታረዳልኝ ስሙን እንዴት አድርገህ እንደጠራኸው ታስታውሳለህ? የአንተን ስም እንዲያ አድርጎ የሚጠራልህ ሰው እዚህ ከተማ የለም። ታዲያ እንዴት ትሞትብናለህ?”

ያኔ ለቅሶው ፈነዳ። የይምሰል አልነበረም። ወንዱም ሴቱም፣ ማን እንደሆኑ የማያውቀው ገበሬ ሳይቀር አለቀሰ። ጋሽ ምንይችል የራሳቸውን ለቅሶ ቆመው ሰሙ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው አንድ በአንድ እያዩ ሄዱና ባለጠርሙሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“አንተም እዚህ ነህ?”

“አባል ነኝ፣ ጋሼ።”

“ለማን ነው የተቀመጥከው?”

ባለጠርሙሱ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ምንይችል ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህር፣ ባጃጅ ጥራልኝ። ሆስፒታል እሄዳለሁ” አሉ።

ተኝተው ታከሙና ተሻላቸው። ባለጠርሙሱ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። የት እንደሄደ እኔም አላውቅም፤ እንደሱ ያለ ሰው ግን ገዢ አያጣም።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መርፌያቸውን ሲወጉ ነው የደረስኩት። ከእንግዲህ አይሰለችዎትም ወይ አልኳቸው።

“ለቅሶ ብድር ነው” አሉ መርፌውን እየነቀሉ። “ያ ሁሉ ሰው እኮ አልቅሶልኛል። ማን ስንት እንዳለቀሰ በዓይኔ አይቻለሁ። የእያንዳንዱን ሳልመልስ ብሞት ነውር አይደለም?”

እጅግ ተነካሁና “የእኔንም አደራ” አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “የአንተ የለብኝም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንተ ንፍሮ ትቆረጥም ነበር።”

እውነታቸውን ነው። ምን ላድርግ፣ እኔ ማስረጃ ሳላይ አላለቅስም።